ማንን ነው የሚገድለው?

ስልኬ የጠራው የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ፣ የደብረ ሲና ጭጋግ በመስኮት እየገባ፣ እጄን በሻይ ብርጭቆ ሳሞቅ ነበር። ይመር ነው፤ ሸዋ ሮቢት ሳለሁ ጎረቤቴ የነበረው።

«ቲቸር፣ ጋሽ እንድሪስ አረፉ። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው» አለኝ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ይመር ዝም ማለት አይችልበትምና ቀጠለ። «አላህ ይርሐማቸው፣ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ! እኔ እኮ እስከ ዛሬ ለማንም ሳልናገር የያዝኩላቸው ነገር አለ። ያቺን የሽንኩርቱን ቀን ታስታውሻለሽ? ‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቲቸር በስልክ ጠይቃኝ አሳስቼ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ በሷ እንዳትቀየም› ብለውኝ ነበር። በዕድሜያቸው አንድ ቀን ቢሳሳቱ፣ እሷንም አልደበቁም!»

ክው አልኩ። እኔ በስልክ ጠይቄያቸው አላውቅም። ያን ጊዜ ስልክ ቁጥራቸው እንኳን አልነበረኝም። ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የእኔ ነበር፤ እሳቸው በራሳቸው ስም አስመዝግበው፣ ለእኔም ሳይነግሩኝ፣ ይዘውት ሄደዋል። ይህንን እዚያው ለይመር መንገር ሲገባኝ «እሺ፣ ቅዳሜ ለለቅሶ እወርዳለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ስለ ጋሽ እንድሪስ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፤ እጄም አርፎ አይቀመጥም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ስለ ሟች በዝግታና በለሰለሰ ድምፅ ማውራት ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እሳቸው ራሳቸው ከአንድ ቀን በቀር በዝግታ የተናገሩበትን ጊዜ አላስታውስም!

ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድኩት ከአምስት ዓመት በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። የደጋ ልጅ ነኝና የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት አንገቴ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠምጥሜ ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ በገበያው በር አልፋለሁ። እዚያ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። በገበያ ቀን ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሽርጣቸውን ጉልበታቸው መሃል ሰብሰብ አድርገው፣ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር አስረው። ፊታቸው ሰው ተሰልፏል። አንዱ ጄሪካን፣ አንዱ ጠርሙስ፣ አንዱ የተጨማደደ ወረቀት ይዟል። እሳቸው እየተቀበሉ ያነባሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይመልሳሉ። መጀመሪያ የባህል ሐኪም መስለውኝ ነበር።

አልነበሩም። ጋሽ እንድሪስ በአንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ጉልምስናቸውን በሙሉ ስቶር ኪፐር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጄሪካን ላይ ነው። አንድ ቀን «ሃው አር ዩ?» ብላቸው፣ «እሱ ደግሞ የትኛው ጄሪካን ላይ ነው ያለው?» ብለው አሳቁኝ። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ግን በእንግሊዝኛ እንደ ዱዓ ያወርዱታል። «እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ በሙሉ ገዳይ ነው» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

የይፋት ቆላ ገበሬ ሽንኩርት ያመርታል፣ ማሾ ያመርታል፤ ፀሐዩም ተባዩም አይምሩትምና ይረጫል። የሚረጨውን ሁሉ ደግሞ በአንድ ስም ይጠራዋል፤ መድኃኒት። ትል የሚገድለውም መድኃኒት ነው፤ አረም የሚያደርቀውም መድኃኒት ነው። ጄሪካኑ ላይ ያለው ግን እንግሊዝኛ ነው። ኢንሴክቲሳይድ ካለ ተባይ ይገድላል። ኸርቢሳይድ ካለ የሚገድለው ተክል ነው፤ ለአረም ተብሎ ይሠራ እንጂ፣ ብዙው ዓይነት አረሙን ከሽንኩርቱ አይለይም። ሁለቱ ቃላት እንደ እህትማማች ይመሳሰላሉ። ቸኩሎ ላነበበ ደግሞ፣ ሁለቱም «የእርሻ መድኃኒት» ናቸው፣ አለቀ።

ጋሽ እንድሪስን የሚያንጨረጭራቸው ይህ ነበር። አንድ ሰው ተራው ደርሶ «ጋሼ፣ ይሄን መድኃኒት…» ሲል አያስጨርሱትም።

«መድኃኒት አትበለው! መድኃኒት ያድናል። ይሄ ማንን አድኖ ያውቃል? ገዳይ ነው! ገዳይ ቤትህ ስታስገባ ማንን ሊገድል እንደመጣ አትጠይቀውም?»

ከዚያ ጽሑፉን በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አንድ ጊዜ በዓይናቸው ያነቡታል። ቀጥለው ጣታቸውን ፊደሎቹ ላይ እየጎተቱ እንደገና ያነቡታል። «ለምን ሁለት ጊዜ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የመጀመሪያው ለራሴ ነው። ሁለተኛው ለባለ ማሳው» አሉኝ። አንብበው ሲጨርሱም ዝም ብለው አይመልሱለትም። ኢንሴክቲሳይድ ከሆነ ሁለት ጣታቸውን ክንዳቸው ላይ እንደ ትል ያስኬዳሉ፤ ኸርቢሳይድ ከሆነ ከመሬት ሣር የነቀሉ ይመስል እጃቸውን ወደ ላይ ይመዠርጣሉ። ቀጥሎ ጥያቄዋ ትመጣለች። «በል፣ ማንን ነው የሚገድለው?» ሰውየው ራሱ በአፉ ካልመለሰ ጄሪካኑን አያገኘውም። ባዶ ጄሪካን ይዞ የመጣ ካለማ፣ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት ከኪሳቸው ምስማር አውጥተው እዚያው ይበሱታል።

ጉራ አያውቁም፤ በልጆቻቸው አይመኩ፣ በቁርአን ቅራታቸው አይመኩ። አንዲት ብቻ ነበረቻቸው፤ በየገበያው ቀን የሚሏት። «ስቶር በያዝኩበት ዘመን ሁሉ፣ የተሳሳተ ጄሪካን አንድም ቀን ከእጄ አልወጣም!» ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ከአጠገባቸው ሎሚ ይሸጣሉ፤ «ደግሞ ጀመረ!» ይሉና ይስቃሉ። ደስ ግን ይላቸዋል፤ ፊታቸው ይናገራል።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀናሁ። በዲግሪ የተመረቅኩ የእንግሊዝኛ መምህርት በአጠገባቸው አልፋለሁ፤ አንድም ሰው አንብቢልኝ አይለኝም። ከኒሙ ሥር ቁጭ ብዬ እንደመስማት፣ ሰላምታዬን ወርውሬ አልፍ ነበር።

አንድ ሳምንት ጋሽ እንድሪስ ለዘመድ ሠርግ ማጀቴ ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። ይመር ያኔ ጎረቤቴ ነው፤ ወንደላጤ። ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ባለች ማሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሽንኩርት ተክሏል። ያ ሽንኩርት እንዲያው ሽንኩርት አልነበረም። የወደዳት ልጅ አባት «ምርትህ ይነሳና ኒካሁ ይታሰራል» ብለውታል። እንግዲህ ጉድ የፈላው በዚያው ሰሞን ነው፤ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ተባይ ፈላበት፤ ይነጣ፣ ይጣመም ጀመር። ይመር እንቅልፍ አጣ። ከወንድሙ ጓዳ ካለፈው ዓመት የተረፈ ግማሽ ጄሪካን አገኘና፣ ጋሽ እንድሪስ ስለሌሉ ወደ እኔ ይዞት መጣ።

«ቲቸር፣ እስቲ ይሄን አንብቢልኝ። መድኃኒት ነው።»

ልቤ እንዴት እንደዘለለ! በመጨረሻ አንድ ሰው እኔን ጠየቀኝ። ተቀበልኩት። ኸርቢሳይድ ይላል፤ ከጎኑ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። ቃሉን በቅጡ አላውቀውም ነበር። ግን ኸርብ ተክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ይመር ደግሞ መድኃኒት ነው ብሎኛል። ሁለቱን ገጣጠምኳቸው።

«የተክል መድኃኒት ነው» አልኩት።

«ተባዩን ይገድልልኛል?»

«ይገድላል እንጂ!»

ይህቺ «እንጂ» እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ነበረኝ። እሱ ፊት አውጥቼ መፈለግ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ከማጀቴ ተመልሰው፣ በርጩማቸውን ተሸክመው ወደ ኒሙ ሲያመሩ አገኘኋቸው። እኔ ደግሞ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ በሌሉበት ተክቼዎት ዋልኩ እኮ!» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እየሳቁ ሲሰሙኝ ቆይተው ድንገት ሳቃቸው ቆመ።

«ምንድን ነው ያነበብሽው? ቃሉን ድገሚልኝ።»

«ኸርቢሳይድ።»

«ኢንሴክቲሳይድ አይደለም? እርግጠኛ ነሽ?»

«ኸርቢሳይድ ነው፣ ጋሼ።»

«ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ያን ቀን ብቻ ዝቅ አለ። «ማንን ነው የሚገድለው?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሽ እንድሪስ በርጩማቸውን ጥለው መንገዱ መሃል ገቡና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንድ ባጃጅ አቆሙ። «ጀውሃ መንገድ! ቶሎ!»

በመንገድ ላይ ደወልን፤ የይመር ስልክ ዝግ ነው። አሁንም ደወልን፤ ዝግ ነው። ጋሽ እንድሪስ የሾፌሩን ትከሻ ይዘው «ንዳው! ንዳው ልጄ!» ይላሉ። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ማሳው ስንታጠፍ ባጃጇ አሸዋ ውስጥ ሰመጠች። ከዚህ በኋላ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ሽርጣቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ ነጠላ ጫማቸውን አሸዋው ላይ ትተው ሮጡ! እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላ ሮጥኩ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ወላሂ አልደረስኩባቸውም! (ወላሂ ማለትም የተማርኩት ከእሳቸው ነው።)

«ይመር! አቁም! ይመር!»

ይመር አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ በአንድ እጁ ፓምፑን እየመታ በሽንኩርቱ መደብ ላይ ይሄዳል። ድምፃችንን ሰምቶ ቀና አለና፣ ሰላም ያልነው መስሎት በነፃ እጁ አውለበለበልን። ከዚያም መርጨቱን ቀጠለ። ጋሽ እንድሪስ ቦዩን ዘለው ተሻገሩ። ሦስተኛው መደብ ራስ ላይ፣ በመርጫውና በሽንኩርቱ መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ላይ ርጨው! ሽንኩርቱን ተወውና እኔ ላይ ርጨው!»

«ጋሼ! ምን ነካዎት?» አለ ይመር፤ ፓምፑን ለቀቀው።

ሁለት መደብ ተረጭቶ ነበር። ሁለት ብቻ! ከዚያ ወዲያ ጫፉ ላይ እስከቆመው ግራር ድረስ ያለው ማሳ አልተነካም። ጋሽ እንድሪስ በመጀመሪያ መርጫውን አስወለቁት፤ ቀጥሎ ከቦዩ ራቅ አድርገው እጁንና እግሩን በሳሙና አሳጠቡት። እኔ የቦዩ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ይመር ጋ ሄጄ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ልለው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግን ቀደሙኝና ትከሻውን አቅፈው ወደ ግራሩ ወሰዱት። የሚሉት አይሰማኝም። ይመር ራሱን ይነቀንቃል፤ ዞር ብሎ አየኝ፤ ፈገግም አለ። ተመልሶ ሲመጣ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «ተዪው ቲቸር፣ አለፈ» አለኝ። አስታርቀውኝ ነው ብዬ አመንኩ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲያ ብዬ ነው ያመንኩት።

ሁለቱ መደብ በሳምንቱ ደረቀ። የቀረውን ጋሽ እንድሪስ በትክክለኛው ገዳይ አስረጩት፤ ሽንኩርቱም ተነሳ፣ ኒካሁም ታሰረ! እኔ በሠርጉ ላይ ስጨፍር ያየኝ ሙሽራዋ እኔ የሆንኩ ይመስለው ነበር።

ከሽንኩርቱ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን፣ ድንጋይ አንከባልዬ ከበርጩማቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። «አስተምሩኝ» አልኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ያቺን ቀን አላነሷትም። «እንግሊዝኛውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው ጥያቄዋን ብቻ ነው» አሉኝ። ሦስት ዓመት ከዚያ ድንጋይ ላይ አልተነሳሁም ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ክፍሌ ድረስ ወሰድኳቸው። ከጄሪካን የላጧቸውን ጽሑፎች ካርቶን ላይ ለጥፈው መጡ። ተማሪዎቹ ሽርጣቸውን አይተው ሊስቁ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ጋሽ እንድሪስ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። «በቀኝ ያላችሁ ሽንኩርት ናችሁ። በግራ ያላችሁ ትል ናችሁ። ቃሏን ስጠራ የሚሞት ይውደቅ!» ከዚያ ካርቶኑን ከፍ አድርገው «ኸርቢሳይድ!» ብለው ጮኹ። አንድ የተሳሳተ ትል ወደቀ፤ ሽንኩርቶቹ ቆመው ቀሩ። «አይ ልጄ፣ በሰው ሞት ሞትክ እኮ!» ሲሉት ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ደገሙት። «ኢንሴክቲሳይድ!» ትሎቹ በሙሉ ዴስክ ሥር ገቡ። «ኸርቢሳይድ!» ሽንኩርቶቹ እየጮኹ ተዘረሩ። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳ የፈረሰ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንዲህ ያለ የእንግሊዝኛ ትምህርት አላየሁም። እነዚያ ልጆች እነዚያን ሁለት ቃላት እስኪሞቱ ድረስ አያምታቷቸውም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ስለታመመች ዝውውር ጠይቄ ወደ ደብረ ሲና ተመለስኩ። የተሰናበትኳቸው ከኒሙ ሥር ነው። «እንግዲህ ደጋ ልትገቢ ነው» አሉኝ፤ «እዚያ ማን ጄሪካን ይሰጥሽ ይሆን?»

ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ። ሹራቤን መንገድ ላይ ያለችው አርማኒያ ከተማ ሳልደርስ አወለቅኩት። ቁልቁለቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ እነግራቸዋለሁ ወይስ አልነግራቸውም? ብናገር በዚያ አገር ያለኝ ስም ያልቃል፤ ይመርም ጉዴን ያውቃል። ዝም ብል ደግሞ የጋሽ እንድሪስ አንዲት ጉራ ውሸት ሆና ትቀራለች።

ድንኳኑ ሞልቷል። እትዬ ዘሀራን «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ሰዉ ስለ ጋሽ እንድሪስ ይጫወታል። ይመር ከወንዶቹ በኩል ሆኖ፣ በቅን ልቡ፣ ያንን ጀመረው።

«የኔን ማሳ ሩጠው ያዳኑት እሳቸው ናቸው። ግን እኔ ከሁሉም የማደንቃቸው፣ መጀመሪያ የተሳሳቱትም ራሳቸው መሆናቸውን ሳይደብቁ ስለነገሩኝ ነው።»

እትዬ ዘሀራ ቀና አሉ። «ማን? እንድሪስ? እንድሪስ ነው ጄሪካን የተሳሳተው?»

«ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እትዬ። ለቲቸር በስልክ አሳስቼ ነገርኳት ብለው።»

«ራሱ?» አሉ። እጃቸው ከእጄ ላይ ላላ። ባላቸው የሞተ ቀን እንኳን እንዲህ ያለ ፊት የነበራቸው አይመስለኝም። ይህንን ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ተነሳሁ።

«ጋሽ እንድሪስ አልተሳሳቱም!» ካሰብኩት በላይ ጮኼ ኖሮ ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። «በስልክም አልተነጋገርንም። እሳቸው ማጀቴ ሆነው አያውቁትም ነበር። ጄሪካኑን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ሳላውቀው የማውቀው መስዬ፣ ትል ይገድላል ብዬ ለይመር የነገርኩት እኔ ነኝ። እኔን ሊያድኑ ብለው ነው በራሳቸው ያላከኩት። ይህንንም የሰማሁት ሰሞኑን ነው።»

አንድ ሽማግሌ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ።

ከዚያ እትዬ ዘሀራ ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱት። «አላልኳችሁም! ወላሂ አላልኳችሁም! እንድሪስ ጄሪካን አይሳሳትም! ውሸታም ሽማግሌ፣ በዕድሜው አንዲት ውሸት ዋሽቶ እሷን ይዞ ተቀበረ!» ይስቃሉ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ ቀሚሴን ይዘው ወደ ታች ይጎትቱኛል፤ አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ።

ይመር ግን አልሳቀም። ትንሽ አየኝና ተነስቶ ከድንኳኑ ወጣ። መብቱ ነው ብዬ አቀረቀርኩ። ያን ሽንኩርት አጥቶት ቢሆን ሚስቱንም አያገኛት ነበር፤ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ፈገግታውን ስቀበል ኖሬያለሁ።

ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ላይ «ቲቸር፣ እስቲ ወጣ በይ» አለኝ። ወጣሁ። እግሩ ሥር አዲስ ጄሪካን አቁሟል።

«ባለፈው ገበያ ነው የገዛሁት» አለ። «ኒሙ ሥር ብሄድ የሉም። ሳይነበብ እስከ ዛሬ ቤቴ ተቀምጧል።» አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «በይ፣ ማንን ነው የሚገድለው?»

ጽሑፉ አቧራ ለብሷል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። አንድ ጊዜ በዓይኔ፣ ለራሴ አነበብኩት። ከዚያ ጣቴን ፊደሎቹ ላይ አስቀመጥኩና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁለተኛውን ለይመር አነበብኩለት።